ብዙ ሙከራን በሥርዓት ስለ ማካሄድ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የቀድሞ ተማሪ የተደረገ ንግግር)

ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንድ የኮምፕዩተር ሥራ ነው። ይኸውም አንድን ጥያቄ ለመመለስ በመቶና በሺሕ የሚቈጠሩ የሲሙሌሽን ሙከራዎችን ማካሄድ፤ የትኛው ቀድሞ የትኛው ተከትሎ እንዲሠራ ተራ ማስያዝ፤ የተሠራውንም ያልተሠራውንም መዝግቦ መጠበቅ ነው። ነገሩ በስሙ የራቀ ቢመስልም በጠባዩ ለአብደራፊ ሰው እንግዳ አይደለም። በንግግሬ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ሁላችሁም የምታውቁትን ላስታውሳችሁ። ሰሊጥ ከደረሰ ጊዜ አይሰጥም። ቀኑ ካለፈበት ፍሬው ይከፈትና መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ በአጨዳ ወራት ከደጋ ወደዚህ ቈላ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ብዙ ነው። ባለ እርሻው ይህን ቡድን ወደ አንዱ ማሳ፤ ያንን ቡድን ወደ ሌላው ማሳ ይመድባል፤ ካቦውም ሰዎቹን ቈጥሮ ይረከባል። ማታ ደግሞ ይቈጥራል። አርባ ሰው ሄዶ ሠላሳ ስምንት ቢመለስ «ሥራው አልቋል፤ ይበቃል» ብሎ የሚተኛ ካቦ አደራውን የበላ ነው። ከሁለቱ አንዱ በወባ ወይም በካላዛር ትኩሳት ተይዞ ከዛፍ ሥር ወድቆ ይሆናልና። ይህን የማታ ቈጠራ በልባችሁ ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

እንግዲህ ሲሙሌሽን ምንድን ነው? በእውነተኛው ዓለም ሊሞከር የማይቻለውን፤ ወይም ቢሞከር ብዙ ዘመንና ብዙ ገንዘብ የሚፈጀውን ነገር በሒሳብ አስመስሎ ማየት ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ገበሬ ማሽላውን በሰኔ መጨረሻ ቢዘራ ይሻለዋል ወይስ በሐምሌ አጋማሽ? ይህን በማሳ ላይ ፈትኖ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ብዙ ክረምት መጠበቅ አለበት። በኮምፕዩተር ግን አፈሩ ውሃን እንዴት እንደሚይዝ፤ ተክሉም በፀሐይና በሙቀት እንዴት እንደሚያድግ በሒሳብ ሕግ ይጻፋል፤ ባለፉት ዓመቶች የተመዘገበው ዝናብ ይሰጠዋል፤ ሠላሳ ክረምትም በአንድ ቀን ውስጥ ያልፋል። ለዚህ ሥራ በዓለም ከታወቁት ፕሮግራሞች አንዱ ዲ.ኤስ.ኤስ.ኤ.ቲ. የተባለው ሲሆን፤ ማሽላንና በቆሎን ጨምሮ ከ40 በላይ የሆኑ ሰብሎችን እድገት ያሰላል።

ሐሳቡ ከኮምፕዩተር በፊት የተወለደ ነው። ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ በፈረንሳይ አገር በአምቡላንስ ክፍል እያገለገለ፤ የስድስት ሰዓት የአየር ለውጥ በእጁ ለማስላት ሞከረ። ወረቀቱ በ1917 በጦርነቱ መካከል ጠፍቶ፤ ከወራት በኋላ በቤልጅግ አገር ከከሰል ክምር ሥር ተገኘ። የስሌቱ ውጤት ከእውነቱ እጅግ የራቀ ነበር፤ ሰውየው ግን ስሕተቱን አልደበቀም፤ በ1922 ባሳተመው መጽሐፍ ከነሙሉ ስሌቱ አወጣው። ሌሎች ሊቃውንት ስሕተቱ ከወዴት እንደ መጣ በኋላ ሊመረምሩ የቻሉት ስለዚህ ነው።

በዚያው መጽሐፍ ሪቻርድሰን አንድ ትልቅ አዳራሽ በሐሳቡ ይሥላል። በአዳራሹ ውስጥ 64,000 የሒሳብ ሠራተኞች ተቀምጠው እያንዳንዱ የዓለምን አንድ ክፍል ያሰላል። በመካከል ከፍ ባለ ስፍራ የቆመው ተቈጣጣሪ ከሌላው ቀድሞ በሄደው ላይ ቀይ ብርሃን፤ ወደ ኋላ በቀረው ላይ ሰማያዊ ብርሃን ያበራል። ልብ አድርጉ፤ ሰውየው ያሰበው ስለ ስሌቱ ብቻ አይደለም። ብዙ ስሌት ያለ ተቈጣጣሪ ሁከት እንደሚሆን አስቀድሞ አይቶት ነበር።

ከዚያ በኋላ በ1950 ኤኒያክ በተባለው የአሜሪካ ኮምፕዩተር የመጀመሪያው የአየር ትንበያ ተሰላ። የ24 ሰዓቱን ትንበያ ለመጨረስ 24 ሰዓት ያህል ፈጀ። ዛሬ ግን አንዱን ትንበያ አንድ ጊዜ ብቻ ማስላት እንደ በቂ ሥራ አይቈጠርም። የአውሮፓ የመካከለኛ ጊዜ የአየር ትንበያ ማዕከል መነሻውን በጥቂት በጥቂቱ እየለወጠ ያንኑ ትንበያ 51 ጊዜ ያሰላዋል። የዛሬው አየር በትክክል ተለክቶ ስለማያልቅ፤ ትንሿ የልክ ጉድለት ምን ያህል ልታድግ እንደምትችል ለማወቅ ነው። ሃምሳ አንዱ ውጤት ቢቀራረብ ነገሩ ይታመናል፤ ቢራራቅ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

የእኛም አገር ክረምት በዚህ መንገድ ይጠናል። የኢትዮጵያ ሜቴዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የበጋውን፤ የበልጉንና የክረምቱን ወራት አስቀድሞ ይተነብያል። በናይሮቢ የሚገኘው ኢክፓክ የተባለው የኢጋድ የአየር ንብረት ማዕከልም የአካባቢውን አገሮች ባለሙያዎች እየሰበሰበ የወቅቱን ትንበያ ያወጣል፤ ይህ ጉባኤ የተጀመረው በ1998 ነው። ትንበያው «ይዘንባል» ወይም «አይዘንብም» አይልም። ዝናቡ ከተለመደው በላይ፤ ልክ እንደ ተለመደው፤ ወይም ከተለመደው በታች የመሆኑን ዕድል ከመቶ እየከፈለ ይናገራል። ነገሩን ቀለል አድርገን ብናየው፤ ከ51 ስሌቶች 23ቱ ብዙ ዝናብ ቢያሳዩ ከመቶ 45 እጅ ይሆናል ማለት ነው። እንግዲህ ከ51ዱ ስድስቱ ቢጠፉና ማንም ባያስተውል፤ ያ ቍጥር ምን ያህል እምነት ይገባዋል?

ስለዚህ ብዙ ሙከራን በሥርዓት ለማካሄድ የሚያስፈልጉትን አምስት ነገሮች አንድ በአንድ ልናገር።

አንደኛው ጥያቄን መወሰንና ሙከራን አስቀድሞ መቍጠር ነው። ስለ ማሽላው 4 የመዝሪያ ቀኖች፤ 3 የዘር ዐይነቶች፤ 5 የማዳበሪያ መጠኖችና 30 ዓመቶች ብንወስድ፤ 4 በ3፤ በ5፤ በ30 ሲባዛ 1,800 ሙከራ ይሆናል። አንዱ ሙከራ 2 ደቂቃ ቢፈጅ በጠቅላላው 60 ሰዓት ነው። ኮምፕዩተሩ 20 ሙከራ ባንድ ጊዜ የሚሠራ ከሆነ በ3 ሰዓት ያልቃል። አሁን አንድ ሰው ተነሥቶ «6 ዐይነት አፈር እንጨምር» ቢል፤ 6 ሙከራ የጨመረ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ሥራው 10,800 ሙከራ ሆነ፤ ያለ ረዳት ደግሞ 15 ቀንና ሌሊት ይፈልጋል። ሙከራ የሚያድገው በመደመር ሳይሆን በመባዛት ነውና፤ ሳይቈጥር የጀመረ ሰው ሳይጨርስ ይቀራል።

ሁለተኛው ተራ ነው። ትልልቆቹ ኮምፕዩተሮች የአንድ ሰው ሀብት ሳይሆኑ የብዙ ተመራማሪዎች የጋራ መሣሪያ ናቸው። ስለዚህ ተራ አስከባሪ የሆነ ፕሮግራም አላቸው፤ ከእነዚህም በጣም የታወቀው በአሜሪካ በሎረንስ ሊቨርሞር ብሔራዊ ላቦራቶሪ የተጀመረው ስለርም ነው። ሥራ የሚያቀርብ ሰው ስንት ፕሮሰሰር፤ ምን ያህል ማስታወሻና ስንት ሰዓት እንደሚፈልግ አስቀድሞ ያስታውቃል። ከጠየቀው ሰዓት ካለፈ ሥራው ይቋረጥበታል፤ ከሚያስፈልገው በላይ ከጠየቀ ደግሞ ወረፋው ይረዝምበታል።

ይህን ለመረዳት ወፍጮ ቤት ሂዱ። ሦስት ወፍጮ አለ እንበል፤ አንድ ነጋዴ ብዙ ኩንታል ይዞ ሦስቱንም ባንድ ጊዜ ይፈልጋል። ሁለቱ ባዶ ናቸው፤ ሦስተኛው ግን ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው የሚለቀቀው። በዚህ መካከል አንዲት እናት ዐሥር ደቂቃ የማይፈጅ ጥቂት እህል ይዘው ቢመጡ፤ አስተዋይ ባለ ወፍጮ ያስገባቸዋል። ነጋዴው አንዲት ደቂቃ አይጐዳም፤ ወፍጮውም ሥራ አይፈታም። ተራ አስከባሪው ፕሮግራም የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። ነገር ግን ይህ ሁሉ የሚሠራው ሰው እውነተኛውን ሰዓት ሲናገር ነው። ዐሥር ደቂቃ ብሎ ሁለት ሰዓት የሚፈጅ እህል የሚያመጣ ሰው የሁሉንም ተራ ያበላሻል።

ሦስተኛው መንገድ ላይ ማስቀመጥ ነው። መብራት በድንገት እንደሚጠፋ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ረጅም ስሌት ውጤቱን በመጨረሻ ብቻ የሚያስቀምጥ ከሆነ በ59ኛው ሰዓት መብራት ቢጠፋ 59ኙም ሰዓት ከንቱ ይሆናል። በየሰዓቱ የደረሰበትን የሚያስቀምጥ ከሆነ ግን የሚጠፋው ከአንድ ሰዓት ሥራ አይበልጥም። እናንተም ስታጠኑ በየምዕራፉ ማስታወሻ ያዙ፤ ምክንያቱ አንድ ነው።

አራተኛው መዝገብ ነው። በ1961 ኤድዋርድ ሎሬንዝ የተባለ አሜሪካዊ የአየር ሊቅ አንድ ስሌት ለመድገም ፈልጎ ከመካከሉ ጀመረ። ኮምፕዩተሩ በውስጡ የያዘው ቍጥር 0.506127 ነበር፤ በወረቀት ላይ የታተመው ግን 0.506 ብቻ ስለ ነበር እርሱን አስገባ። በመጀመሪያ ሁለቱ ስሌቶች አብረው ሄዱ፤ ቈይተው ግን ፈጽመው ተለያዩ። ሎሬንዝ ከዚህ ትልቅ ዕውቀት አገኘ፤ ይኸውም የአየር ጠባይ ለትንሽ ልዩነት እጅግ ስስ መሆኑን ነው። ለእኛ ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው፤ የገባው ቍጥር ሁሉ ሳይቈረጥ መጻፍ አለበት። የፕሮግራሙ እትም፤ የተሠራበት ቀን፤ የዝናቡ መዝገብ ከየት እንደ መጣ፤ ሁሉም ይጻፍ። ኮምፕዩተሩ እንደ ዕጣ ያሉ ቍጥሮችን የሚያወጣ ከሆነ፤ ዕጣው የተነሣበት ቍጥርም ይጻፍ፤ ስሌቱ ሲደገም ያው ውጤት እንዲመጣ። ሁለት ሙከራዎች በሁሉ ነገር አንድ ሆነው ከአንድ መነሻ ቢወጡ ሁለት ናቸው አይባልም፤ አንድ ምስክር ሁለት ጊዜ ቢናገር ሁለት ምስክር አይሆንምና።

አምስተኛው፤ ለመናገርም የመጣሁበት፤ የማታው ቈጠራ ነው። ይህን የተማርኩት ከራሴ ጥፋት ስለሆነ ሳላፍር እነግራችኋለሁ።

በሥራው ጀማሪ ሳለሁ የማሽላውን የመሰለ 1,800 ሙከራ አካሄድኩ። ሌሊቱን ሠርቶ አድሮ ጧት ውጤቱ ሲወጣ ደስ አለኝ። አማካዩን ለማውጣት ትንሽ ፕሮግራም ጽፌ ነበር፤ እርሱም ያገኘውን ሁሉ ደምሮ ባገኘው ብዛት አካፈለ። በመጨረሻው ቀን የተዘራው ማሽላ ከሁሉ የበለጠ ምርት ሰጠ። ሰንጠረዡን በቀለም አሳምሬ ለአለቃዬ ወሰድኩ። እርሳቸውም ቀለሙን አላዩትም። «ስንት ላክህ? ስንት ተመለሰ?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም።

ተመልሼ ስቈጥር 1,755 ሆኖ አገኘሁት። አርባ አምስት ጐድሏል። «ከ1,800 አርባ አምስት ምንድን ነው? ከመቶ ሦስት እጅ እንኳ አይሞላም» አልኩ በልቤ። እየፈለግሁ ሳወጣቸው ግን አርባ አምስቱም ባንድ ወገን የተሰበሰቡ ነበሩ። ሁሉም በመጨረሻው ቀን የተዘሩ፤ ሁሉም ከሦስቱ የድርቅ ዓመቶች የወጡ ናቸው። 3 ዓመት በ3 ዘር በ5 ማዳበሪያ ሲባዛ 45። በእነዚያ ዓመቶች ዝናቡ ቀድሞ ስለ ተቋረጠ ማሽላው ሳያፈራ ደረቀ፤ ፕሮግራሙም ፍሬ የሌለውን ተክል ማስላት ስላቃተው በመካከል ቆመ። እኔም የሞተውን ማሽላ ከሒሳብ አውጥቼ በሕይወት የተረፈውን ብቻ አካፈልኩ።

ይህ ምን ያህል እንደሚያሳስት ለሒሳቡ እንዲመች በመረጥኳቸው ክብ ቍጥሮች ላሳያችሁ። በመጨረሻው ቀን የተዘሩት ሙከራዎች 450 ናቸው። ከእነዚህ የተመለሱት 405ቱ በአማካይ 20 ኩንታል በሄክታር ሰጡ እንበል፤ ቀደም ብሎ የተዘራው ደግሞ 19። ሃያ ከዐሥራ ዘጠኝ ይበልጣልና «ዘግይታችሁ ዝሩ» ብለን እንመክር ነበር። ነገር ግን አርባ አምስቱን በዜሮ ብናስገባቸው 20 በ405 ተባዝቶ ለ450 ሲካፈል 18 ይሆናል። ምክሩ ተገለበጠ! በሦስቱ ክፉ ዓመቶች ባዶ ማሳ ታቅፎ የሚቀረው ገበሬ በእኛ ሰንጠረዥ ውስጥ አልነበረም። ለምክር የሚመጣው ግን በመጀመሪያ እርሱ ነበር።

ውድ ተማሪዎች፤ የጠፋ ሙከራ ብዙ ጊዜ እንዲያው በከንቱ አይጠፋም፤ ጠፍቶ የሚቀርበት ምክንያት አለው፤ ያም ምክንያት ራሱ መልስ ሊሆን ይችላል። ድርቅ በመጣበት ዓመት ስሌቱ ይቆማል፤ ትኩሳት የያዘው ሠራተኛ ከቈጠራ ይጐድላል። ስለዚህ በጐ ሥርዓት ያለው የሙከራ መዝገብ «ተሠራ» የሚል አንድ ዓምድ ብቻ የለውም። «ተላከ፤ ተጀመረ፤ ተፈጸመ፤ ወደቀ» የሚል ዓምድ አለው፤ ከወደቀውም አጠገብ «ስለ ምን ወደቀ» የሚል ቦታ አለው። የተላከው ቍጥር ከተፈጸመውና ከወደቀው ድምር ጋራ እስኪገጥም ድረስ አማካይ አይወጣም።

አብደራፊ ለሙከራ ሥርዓት አዲስ አገር አይደለችም። ካላዛርና ኤች.አይ.ቪ. ባንድነት ለያዛቸው በሽተኞች የሚበጀውን ሕክምና ለማወቅ ከ2014 እስከ 2015 በጐንደርና በዚሁ በአብደራፊ ጥናት ተደርጓል። የጥናቱ ውጤት በ2019 ታተመ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 ባወጣው መመሪያ ሁለት መድኃኒቶችን በአንድነት መስጠትን ለምሥራቅ አፍሪካ በሽተኞች መከረ። በሕክምና ሙከራ ሕግ በሽተኛው አንድ ጊዜ ከተመዘገበ በኋላ ቢያቋርጥም፤ ቢጠፋም፤ ቢሞትም ከሒሳብ አይሰረዝም። በኮምፕዩተር ውስጥ ያለው ማሽላ ሰው አይደለም፤ ሕጉ ግን ያው ነው።

ይህን ለመማር ትልቅ ኮምፕዩተር እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። አርባ ተማሪዎች አርባ ሳንቲም ይያዙ። እያንዳንዱ ሠላሳ ጊዜ ይጣል፤ በአንዱ ገጽ ሲወድቅ የዝናብ ቀን፤ በሌላው ሲወድቅ የደረቅ ቀን ይባል። ከዚያ አምስት ቀን በተከታታይ ሳይዘንብ የቀረባቸው ስንቶቹ እንደሆኑ ይቈጠር። አርባ የክረምት ወር በአንድ ክፍለ ጊዜ አገኛችሁ ማለት ነው። እውነተኛው ዝናብ ግን እንደ ሳንቲም አይደለም፤ የዘነበ ቀን የዘነበን ቀን ሊያስከትል ይወዳል፤ እርሱን እንዴት እንደምታስገቡት ከሒሳብ መምህራችሁ ጋራ ተመካከሩ። አንድ ተማሪ መዝጋቢ ይሁን፤ የአርባውንም ስም ይጻፍ። ሠላሳ ዘጠኝ ወረቀት ብቻ ቢመለስለት አማካዩን ከማውጣቱ በፊት አርባኛውን ይፈልግ።

ደግሞም አንድ ልመና አለኝ። ሲሙሌሽን ሁሉ የሚጀምረው ሰው ከመዘገበው ነገር ነው። በዚህ ግቢ አንድ የዝናብ መለኪያ ቢቆም፤ ተማሪዎችም በየጧቱ በየተራ እያነበቡ ቢጽፉ፤ ከዓመቶች በኋላ ለሚመጣ ተመራማሪ ውድ ሀብት ይሆናል። ያልዘነበበት ቀን ሲሆን ባዶ አትተዉት፤ ዜሮ ጻፉበት። ባዶ ቦታ «አላየንም» ማለት ነው፤ ዜሮ ግን «አየን፤ አልዘነበም» ማለት ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ወላጆች ሆይ፤ ልጆቻችሁ ወደ ኮምፕዩተር ሥራ ሲሄዱ ከእናንተ ሥራ የራቁ አይምሰላችሁ። ማታ መንጋውን በር ላይ ቆሞ የሚቈጥር እረኛ፤ ሠራተኛውን ከማሳ ሲመለስ የሚቈጥር ካቦ፤ እህሉን ጐተራ ሲያስገባ የሚሰፍር ገበሬ፤ ይህን ሥርዓት ከእኔ በፊት ያውቁታል። መሣሪያው ፈጠነ እንጂ አደራው አልተለወጠም።

ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን ይኑር፤ መምህራኖቻችንን ዕድሜና ጤና ይስጥልን።